ከቀርከሃ ክር እስከ በለስ ውኃ፦ የአምፑል አጭር ታሪክ



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ዕቃ ቤት ሒሳብ እንጂ ስለ አምፑል ሲጻፍ የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው፣ መብራትና ዕድር የሚለያዩ አይደሉም። አንድ ሰው ከመካከላችን ሲለይ ጡሩምባው ከተነፋና ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «መብራቱስ እንዴት ሆነ?» የሚል ነው። ኀዘንተኛን በጨለማ ትቶ መሄድ በአገራችን ነውር ነውና። አባቶቻችንና እናቶቻችን በኩራዝና በፋኖስ አምሽተዋል፤ ኋላም ማሾ የገዛ ዕድር እንደ ትልቅ ዕድር ይቈጠር ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጎረቤት ቤት ሽቦ ይሳብና አምፑል ይንጠለጠላል።

ታዲያ ይህ በየቀኑ የምናበራውና የምናጠፋው አምፑል ከየት መጣ? ማንስ ሠራው? «ኤዲሰን ፈለሰፈው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። አምፑል የአንድ ሰው የአንድ ሌሊት ሥራ ሳይሆን የብዙ ሰዎች፣ የብዙ አገሮችና የብዙ ዓመታት መዋጮ ነው። ይህን አጭር ጽሑፍ ለአባላት ስናቀርብ የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር «እ.ኤ.አ.» ብለን፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር «ዓ.ም.» ብለን አስቀምጠናል።

ከአምፑል በፊት

ኩራዝን የማያውቅ አባል በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ከቆርቆሮ ወይም ከጠርሙስ ተሠርታ፣ የጨርቅ ክር ተነክሮባት፣ ላምባ ጠጥታ የምታበራ ናት። ብርሃኗ ከአንድ ደብተር አያልፍም፤ ጭሷ ግን ቤቱን ሁሉ ይሞላል። ስንት ልጅ በእሷ ብርሃን አጥንቶ ለቁም ነገር በቃ፤ በዚያው ልክ ስንቱ በእሷ ተቃጠለ፣ የስንቱስ ዓይንና ሳንባ ተጎዳ።

ፈረንጅም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነገር ይዞ የተፈጠረ አይደለም። ሻማና የዓሣ ነባሪ ዘይት ሲያበራ ኖሮ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ በቧንቧ እየሳበ ትላልቅ ከተሞችን ማብራት ጀመረ። በዚያው ዘመን ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በለንደን ከተማ ትልቅ ባትሪ አዘጋጅቶ፣ የሁለት ከሰሎችን ጫፍ በትንሹ አራርቆ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢለቅባቸው፣ በመካከላቸው ዓይን የሚያጥበረብር ብርሃን ታየ። ይህ ዓይነቱ መብራት ቆይቶ ለመንገድና ለባሕር ዳር ማማ መብራት ጠቀመ። ለመኖሪያ ቤት ግን አልሆነም። ብርሃኑ እጅግ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል፤ ደግሞም ይጨሳል። የተፈለገው ሰው በቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ሊያነብበት የሚችል፣ አነስ ያለና ረጋ ያለ ብርሃን ነበር።

የከሰል አክሳዩ ዘዴ

የአምፑልን ምሥጢር ለመረዳት ከአዊ ሰው የሚቀድም የለም ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ይከምራል፣ በሣርና በቅጠል ይሸፍነዋል፣ ከዚያም አፈር ይደፍንበታል። ለምን? አየር እንዳያገኝ ነዋ! አየር ካገኘ እንጨቱ ነድዶ ዐመድ ይሆናል፤ አየር ካጣ ግን ይከስላል እንጂ አይጠፋም።

የአምፑል ሠሪዎችም ችግርና መፍትሔ ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ በቀጭን ክር ውስጥ ሲያልፍ ክሩ ይግላል፤ ግለቱ ሲበዛ ይቀላል፤ ከዚያም ያበራል። ነገር ግን አብዛኛው ብረት እንዲያ ሲግል ይቀልጣል። ከሰል አይቀልጥም፤ ግን አየር ባለበት ቦታ ወዲያው ይነድዳል። ስለዚህ የከሰል ክር መሥራት፣ ክሩን በብርጭቆ ውስጥ ማስገባት፣ ከብርጭቆውም ውስጥ አየሩን መጥጦ ማውጣት ያስፈልጋል። አነጋገሩ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወሰደ።

በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን የተባለ ሰው በ1850 እ.ኤ.አ. ገደማ ወረቀት አክስሎ በብርጭቆ ውስጥ ለማብራት ሞከረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የነበረው ፓምፕ አየሩን በሚገባ መጥጦ ስለማያወጣ ክሩ ወዲያው ይቃጠልበት ነበርና ሥራውን አቆየው። በ1865 እ.ኤ.አ. ኸርማን ሽፕሬንገል የተባለ የጀርመን ተወላጅ በሜርኩሪ የሚሠራ የተሻለ ፓምፕ አወጣ። ስዋን እንደገና ወደ ሥራው ተመልሶ በ1879 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒውካስል ከተማ በሕዝብ ፊት አምፑሉን አበራ።

በአሜሪካም ቶማስ ኤዲሰን በሜንሎ ፓርክ ባቋቋመው የሙከራ ቤት ይህንኑ ይዞ ነበር። ብቻውን ግን አልነበረም። ቻርልስ ባችለር እጀ ብልሁ፣ ፍራንሲስ አፕተን የሒሳብ አዋቂው፣ ሉድቪግ ቦም ብርጭቆ ነፊው፣ ፍራንሲስ ጄል ፓምፕ ላይ የሚውለው፣ ሌሎችም ሠራተኞች አብረውት ቀንና ሌሊት ይደክሙ ነበር። በጥቅምት 1879 እ.ኤ.አ. የጥጥ ክር አክስለው በብርጭቆ ውስጥ ቢያበሩት ከ13 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ በራ። በታኅሣሥ 31 ቀን ሜንሎ ፓርክን በአምፑል አብርተው ለሕዝብ አሳዩ። የባለቤትነት ወረቀቱም በጥር 27 ቀን 1880 እ.ኤ.አ. ተሰጠ።

እንግዲህ ስዋን ይቅደም ወይስ ኤዲሰን? ይህ ብዙ ያከራከረ ነገር ነው። ሁለቱ ራሳቸው ግን በፍርድ ቤት ገንዘብ ከመጨረስ ይልቅ በ1883 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኩባንያዎቻቸውን አንድ አድርገው በጋራ መሥራትን መረጡ። የኤዲሰን ዋናው ብልጫ ሌላ ነው። ክሩ ቀጭን ሆኖ ለኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ ቢሆን፣ ከኃይል ማመንጫው እስከ ቤት የሚዘረጋው የመዳብ ሽቦ ወፍራም መሆን እንደማያስፈልገው አሰላ። መዳብ ውድ ነውና ይህ ሒሳብ አምፑልን ከሀብታም ሳሎን አውጥቶ ወደ ተራው ሰው ቤት የሚያስገባ ሆነ።

ቀርከሃውና የላቲመር ሥራ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለእኛ ለእንጅባራና ለባንጃ ሰዎች ደስ የሚል ነው። የጥጥ ክሩ ዕድሜ አጭር ስለ ነበር ኤዲሰንና ባልደረቦቹ የብዙ ዓይነት ተክል ጭረት እያከሰሉ ሞከሩ። በመጨረሻ ያሸነፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀርከሃ! ጭረቱ ረዥም፣ ቀጥ ያለና ወጥ በመሆኑ ሲከስል አይሰነጣጠቅም። ሰው ተልኮ ከጃፓን፣ ከኪዮቶ ከተማ አጠገብ የበቀለ ቀርከሃ ተመረጠ፤ ከእሱ የተሠራው ክርም እስከ 1,200 ሰዓት የሚያበራ ሆነ። ለዓመታት የኤዲሰን አምፑል በቀርከሃ ክር ሲያበራ ኖሯል። እኛ ለወንበር፣ ለአጥርና ለቅርጫት ብቻ የምናስበው ቀርከሃ ወገን፣ አንድ ዘመን የዓለምን ከተሞች ያበራ ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ሥራ ውስጥ ስሙ ሊረሳ የማይገባው ሰው ደግሞ ሉዊስ ላቲመር ነው። አባትና እናቱ በአሜሪካ ከባርነት ሸሽተው ያመለጡ ጥቁሮች ናቸው። እሱ በ1848 እ.ኤ.አ. ተወልዶ ንድፍ መንደፍ በራሱ ጥረት ተምሮ፣ የግራሃም ቤልን የቴሌፎን ንድፍ እስከ መሥራት ደረሰ። ቀጥሎም በሌላ የመብራት ኩባንያ ውስጥ ሳለ የከሰሉ ክር ሲከስል እንዳይሰበርና እንዳይጣመም የሚያደርግ ዘዴ አውጥቶ በ1882 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት ወረቀት አገኘ። ክሩን በብዛትና በርካሽ ለመሥራት ይህ ትልቅ እርዳታ ነበር። ኋላም ከኤዲሰን ኩባንያ ጋር ሠርቷል፤ በ1890 እ.ኤ.አ. ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ አሳትሟል። የታሪክ መጻሕፍት ለብዙ ጊዜ ስሙን ዘለሉት፤ ሥራው ግን በየቤቱ ሲበራ ነበር።

አምፑል ብቻውን አይበራም

አንድ ሰው ገበያ ሄዶ አምፑል ገዝቶ ቢመለስ፣ መስመር ከሌለው ያው ብርጭቆ ነው። ዕድርም እንደዚሁ ነው፤ ድንኳን ብቻውን ዕድር አይሆንም፤ ሰው፣ መዋጮና ሥርዓት ያስፈልገዋል። ኤዲሰን ይህን ስለ ተረዳ ከአምፑሉ ጋር ዲናሞውን፣ በመሬት ውስጥ የሚቀበረውን ሽቦ፣ ፊውዙን፣ አምፑሉ እየተጠመዘዘ የሚገባበትን ጥምዝ አፍ፣ ሳይቀር ቆጣሪውን አብሮ አዘጋጀ። ያ ጥምዝ አፍ ዛሬም በየቤታችን አለ። የመጀመሪያው ቆጣሪ ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ዝርግ ብረቶች ነበሩ፤ ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር ከአንዱ እየለቀቀ ወደ ሌላው ስለሚሄድ፣ በየወሩ በሚዛን እየተመዘነ ሒሳቡ ይከፈል ነበር።

በመስከረም 4 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ በፐርል መንገድ የተሠራው ኃይል ማመንጫ ወደ 400 የሚጠጉ አምፑሎችን አበራ። ችግሩ ግን ያ ዓይነቱ ኃይል ከአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ በሚገባ አይሄድም። ይህን የፈታው ትራንስፎርመርና ኒኮላ ቴስላ፣ ዌስቲንግሃውስና ሌሎችም ያሳደጉት ተለዋዋጭ ኃይል ነው። በዚህ ዘዴ ኃይሉ በከፍተኛ ግፊት ሩቅ ይላካል፤ ከመኖሪያ ቤት ሲደርስ ግፊቱ ይቀነሳል። በ1896 እ.ኤ.አ. ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨ ኃይል ወደ በፋሎ ከተማ ደረሰ። ውኃ ሲወድቅ መብራት እንደሚሆን ዓለም በግልጽ አየ። በውኃ ኃይል አምፑል ማብራት እንኳ ከዚያ ይቀድማል፤ በ1880 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ክራግሳይድ በተባለ ቤት የስዋን አምፑሎች በወንዝ ኃይል በርተዋል።

የከሰል ክርም ቢሆን በዚያው አልቀረም። በ1904 እ.ኤ.አ. በሃንጋሪ ዩስትና ሃናማን የተባሉ ሰዎች ተንግስተን ከተባለ ብረት ክር ሠሩ። ይህ ብረት የሚቀልጠው ከሌሎች ብረቶች ሁሉ በላይ በሆነ ግለት ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ዊልያም ኩሊጅ ብረቱን እንደ ሽቦ የሚሳብ አደረገው። በ1913 እ.ኤ.አ. ኧርቪንግ ላንግሙር አምፑሉን ባዶ ከመተው ይልቅ የማያነድድ ጋዝ ቢሞላበት ክሩ ቶሎ እንደማያልቅ አሳየ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በየቤታችን ያበራ የነበረው ቢጫ አምፑል ይኸው ነው።

ወደ አገራችን

ኤዲሰን የጥጥ ክሩን ባበራበት ዘመን በአገራችን የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ወደ ሸዋ ወደ ንጉሥ ምኒልክ መጥቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ብርሃን ግን አገራችን የገባው ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በሞተር በሚሠራ ጀኔሬተር እንደ ሆነ ይተረካል። ይህም የፐርል መንገድ በበራ በ16 ዓመቱ መሆኑ ነው። ከብዙ አገር ሲተያይ ዘግየት አላልንም። የዘገየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ ያለው መንገድ ረዥም ሆነ።

በ1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አጠገብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 6 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ተከተለ፤ የተሠራውም ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። መብራቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ስለ ነበር፣ ስሙ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥም ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይለዋል።

ወደ እኛ አቅጣጫ ስንመጣ፣ በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ። ፋብሪካው ኃይል ይፈልግ ነበርና በ1956 ዓ.ም. ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ኃይል ማመንጨት ተጀመረ። ናያጋራ ለበፋሎ የሆነውን፣ ጢስ ዓባይ ለባሕር ዳር ሆነ። የሁለተኛው ጢስ ዓባይ 73 ሜጋ ዋት በ1993 ዓ.ም. ተጨመረ። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ ኃይሉም 460 ሜጋ ዋት ነው። የጣና ውኃ በምድር ውስጥ በተቦረቦረ ዋሻ አልፎ፣ መዘውሩን አዙሮ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። በአባ ሳሙኤልና በበለስ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት፤ ከሰባ እጥፍ በላይ ነው።

ከሁሉም የሚልቀው ደግሞ በጎረቤታችን በመተከል፣ በጉባ የተሠራው የሕዳሴው ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሲሚንቶና ብረት የጫኑት መኪናዎች ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ ሲመላለሱ ለዓመታት በዓይናችን ያየነው ነው። ከደመወዝተኛው እስከ ሊስትሮው ቦንድ ገዝቶበታል። በመዋጮ የተጀመረው የአምፑል ታሪክ በእኛም አገር በመዋጮ ቀጠለ ማለት ነው።

ይሁንና እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ከአገራችን ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት አላገኘም። ትልቁ መስመር በማሳው ላይ አልፎ ሲሄድ እያየ፣ ማታ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ ብዙ ነው። ብዙ ሰው «ከላያችን እያለፈ ለምን አይሰጡንም?» ይላል። ምክንያቱ ቀደም ብለን የጠቀስነው ነው፤ ያ መስመር የሚሸከመው እጅግ ከፍተኛ ግፊት ስለ ሆነ፣ ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ተተክሎ ግፊቱ ካልተቀነሰ ለቤት አይሆንም። ምክንያቱን ማወቅ ጨለማውን አያበራም፤ ነገር ግን ምን መጠየቅ እንዳለብን ያሳውቀናል። የሚጠየቀው ምሰሶ ብቻ ሳይሆን ትራንስፎርመርም ጭምር ነው።

ለዕድራችን የሚበጀው

የድሮው ቢጫ አምፑል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠምዛዛ ነጭ አምፑሎችን በድሮው እየለወጠ ያደለው ለዚህ ነበር። ዛሬ ደግሞ ኤልኢዲ የሚባለው መጥቷል፤ ክር የለውም፣ ግለቱም ጥቂት ነው። ነጩን ብርሃን ያስቻለውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት ሦስት የጃፓን ተወላጆች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሒሳቡን እንይ፦ ባለ 60 ዋት አምፑል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቈጥራል። ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጥ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 1 ከ35 መቶኛ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ አለን።

አንደኛ፣ ለለቅሶ ድንኳን የሚሆን ሽፋኑ ያልተላጠ ወፍራም ገመድና ኤልኢዲ አምፑሎች ዕድሩ በራሱ ገንዘብ ይግዛና ዕቃ ቤት ይቀመጥ። የክረምቱ ዝናብ በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚበረታ ይታወቃል። እዚህም እዚያም የተቀጣጠለ ሽቦ በረጠበ የድንኳን ብረት ላይ ማሰር፣ ለአንድ ለቅሶ የተሰበሰበን ሰው ለሌላ ለቅሶ መጥራት ነው።

ሁለተኛ፣ መስመሩን የሚቀጥለው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሁን፤ በፊውዝ በኩልም ይለፍ። ኃይሉን ከሰጠው ጎረቤት ቆጣሪ ላይ የቈጠረውንም ዕድሩ ይክፈል።

ሦስተኛ፣ መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ለሚኖሩ አባላት በፀሐይ የሚሞሉ ጥቂት መብራቶች ይገዙ። መዋጮው እኩል ከሆነ ብርሃኑም እኩል መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ ለሁላችንም ይደርሳሉ። ማሾውም ቢሆን አይጣል፤ ባለ ውለታችን ነው።

ኤዲሰን ያለ ብርጭቆ ነፊው፣ ስዋን ያለ ፓምፕ ሠሪው፣ ኩባንያውም ያለ ላቲመር የትም አይደርሱም ነበር። እኛም ያለ ጎረቤት እንደዚያው ነን። ኀዘን አይቀርም፤ በጨለማ ማዘን ግን ሊቀር ይችላል።

ለመጪው ዓመት በሰላም ያድርሰን።